«ጭከናው በእኔ ላይ፣ ቸርነቱ በአጎቴ ላይ ሆኖ አየሁት»

ውድ እኅቴ፣ ከደሴ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። አስቀድሜ የልጅሽን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልሽ፤ አንቺንና ባለቤትሽንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሌሎች አንባብያን ነገሩን መከታተል ይችሉ ዘንድ የጻፍሽውን ማንነትሽን በማይገልጥ መንገድ ባጭሩ አስቀምጠዋለሁ።

በየእሑዱ እያስቆረብሽ ያሳደግሻት የአምስት ዓመት ልጅሽ በአጭር ሕመም ዐረፈች። በሰልስቷ ዕለት፣ ለቅሶ ደራሹ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ የባለቤትሽ አክስት «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም» ብለው ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ። አንቺና ባለቤትሽ በቅዱስ ቁርባን ከመጋባታችሁ በፊት አራት ዓመት አብራችሁ መኖራችሁን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ንግግሩ ወዴት እንደ ተወረወረ ገባው። ታናሽ ወንድምሽ ሊያጽናናሽ ሲመጣ ደግሞ «እግዚአብሔር ፍቅር ነው፤ አይቆጣም፣ አይቀጣም» አለሽ። ይህም አላሳረፈሽም፤ አባትሽ በሞቱ ማግስት አጎትሽ በሐሰት ምስክር የእናትሽን ቤት ወስዶ፣ ዛሬ ልጆቹን ድሮ በጤና ይኖራልና፣ የማይቆጣ አምላክ ለእናትሽ ምኗ ነው ብለሽ ጠየቅሽ። ከዚያም ወደ ሮሜ ሰዎች በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ የእግዚአብሔርን ቸርነትና ጭከና ተመልከት የሚለውን ቃል አገኘሽ። «መምህር፣ እንግዲህ ተመለከትሁ» ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ «ጭከናው በእኔ ላይ፣ ቸርነቱ በአጎቴ ላይ ሆኖ አየሁት። ይህን እንዴት ላስታርቀው? ከልጄ አርባ ወዲህ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ እመለሳለሁ እንጂ ቅዳሴ ገብቼ አላውቅም።»

በደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ሰዎች ስለ እግዚአብሔር ተናግረዋል፤ የባለቤትሽ አክስት፣ ወንድምሽና ሐዋርያው ጳውሎስ። ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰማ የሚገባው ሐዋርያው ነውና ከእርሱ እጀምራለሁ።

ጳውሎስ ይህን ቃል የጻፈው በሮም ለነበሩ ምእመናን ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው፣ ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድ ሁሉ ከሮም እንዲወጡ አዝዞ ነበር፤ አቂላና ጵርስቅላም ከዚያ ወጥተው ነው በቆሮንቶስ ከጳውሎስ ጋር የተገናኙት። መልእክቱ ሲጻፍ ግን ሁለቱ ወደ ሮም ተመልሰው ነበርና በምዕራፍ 16 በስማቸው ሰላምታ ይልክላቸዋል። አይሁድ ርቀው በቆዩበት ጊዜ ማኅበሩ ከአሕዛብ ወገን ባመኑት እጅ ሳይቆይ አልቀረም፤ እነዚህም ያላመኑትን አይሁድ እያዩ «እነርሱ ተቆረጡ፣ እኛ ገባን» ማለት እንደ ጀመሩ መልእክቱ ራሱ ይነግረናል። ሐዋርያው የሚመልስላቸው በወይራ ዛፍ ነው። ከበረሃ ወይራ ተቆርጣችሁ በመልካሙ ወይራ ላይ የገባችሁ ቅርንጫፎች ናችሁ ይላቸዋል፤ ሥሩ እናንተን ይሸከማል እንጂ እናንተ ሥሩን አትሸከሙም። ያ ወይራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጋን የምናጥንበት፣ በየደብሩ ቅጥር ከጽዱ ጋር ቆሞ የምናየው፣ ፍሬው ደቃቅ የሆነው የአገራችን ወይራ የዱር ወይራ ነው፤ እኛ አሕዛብ በጸጋ ከመግባታችን በፊት ምን እንደ ነበርን ለኢትዮጵያዊ ምእመን ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳው ዛፍ አይገኝም።

እንግዲህ የጭከናው ቃል የተነገረው ለማን እንደ ሆነ ተመልከቺ። የተነገረው ቆሞ የወደቀውን ለሚያይ፣ አይቶም ልቡ ከፍ ለሚል ሰው ነው። የትዕቢትን ነገር አታስብ፣ ነገር ግን ፍራ ያለው እርሱን ነው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ይህ ቃል ሊያስፈራው ይገባ የነበረው የአንቺን ልብ አይደለም፤ በኀዘንሽ ላይ ፍርድ የሰጠውን አንደበትና ነገሩን ሰምቶ በልቡ «አዎን፣ እውነት ነው» ያለውን ሁሉ ነው። ሐዋርያውም ቅርንጫፎች ተቆረጡ ብሎ አላቆመም፤ ወዲያው አስከትሎ እግዚአብሔር እንደ ገና ሊያስገባቸው ይችላል አለ፤ ከጥቂት መስመር በኋላም እግዚአብሔር ሁሉን ባለመታዘዝ የዘጋው ሁሉን ይምር ዘንድ እንደ ሆነ ጻፈ። ደግሞም ይህን ሁሉ ከመጻፉ በፊት፣ በምዕራፍ 9 መግቢያ ላይ፣ ስለ እነዚያ ስለ ተቆረጡት ታላቅ ኀዘንና የማያቋርጥ ጭንቀት በልቡ እንዳለበት፣ ስለ እነርሱ እርሱ ራሱ ከክርስቶስ ተለይቶ የተረገመ ቢሆን እስከ መመኘት እንደ ደረሰ ይናገራል። ስለ እግዚአብሔር ጭከና አፉን ሊከፍት የሚገባው እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ለሚፈርድበት ሰው ያላለቀሰ ሰው ግን ዝም ቢል ይሻለዋል።

ወደ አክስት ንግግር ልምጣ። እንዲህ ያለ አነጋገር በለቅሶ ቤታችን አዲስ አይደለም፤ እሳቸውም ክፋት አስበው ተናገሩ ብዬ አልፈርድም። የሕፃን ሞት ሰውን ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ በሌላ ሰው ቤት ሲገኝም የራሱ ቤት የተጠበቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም ባሉ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው ልጆችህ የሞቱት በኃጢአት ነው ባሉት ጊዜ ግን እግዚአብሔር በመጨረሻ ቴማናዊውን ኤልፋዝን «ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» አለው። ለእግዚአብሔር ተሟጋች መስለው ነበር፤ እርሱ ግን ሙግታቸውን አልተቀበለውም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለው ታሪክ ከዚህ ይበልጥ ይነካኛል። ሰዎች ወደ ጌታችን መጥተው፣ ጲላጦስ ደማቸውን ከመሥዋዕታቸው ጋር ስለ ደባለቀው የገሊላ ሰዎች ነገሩት። እርሱም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች ጨምሮ አነሣና፣ እነዚህ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች የነበሩ ይመስላችኋልን ብሎ ጠየቃቸው፤ መልሱንም ራሱ «አይደለም» ብሎ ሰጠ። ከዚያም ነገሩን ወደ ጠያቂዎቹ መልሶ፣ ንስሐ ካልገባችሁ እናንተም ትጠፋላችሁ አላቸው። ስለ ሟቾች ሊያወሩ የመጡት ስለ ራሳቸው ሰሙ። ወዲያውም ሦስት ዓመት ፍሬ የታጣባትን የበለስ ዛፍ ምሳሌ ነገራቸው፤ ባለቤቱ ትቆረጥ ሲል፣ የወይን አትክልት ሠራተኛው ዙሪያዋን ኰትኵቼ ፋንድያ እስካደርግባት ድረስ ይህችን ዓመት ደግሞ ተዋት ብሎ ይለምናል። ይህን ቦታ ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ። ሊቈርጥ የተሳለው መጥረቢያና ዓመት የሚጨምረው ምልጃ በአንድ ገጽ ላይ ናቸው፤ አይጋጩምም፤ ሁለቱም የሚሹት በለሷ እንድታፈራ ነው። ቸርነቱና ጭከናው የሚታረቁበትን ስፍራ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ከየትኛውም የነገረ ሃይማኖት ማብራሪያ በፊት እዚህ ገጽ ላይ አመጣዋለሁ።

«የዳዊትስ ልጅ?» የሚል አንባቢ መኖሩ አይቀርም፤ አንቺም እንቅልፍ ባጣሽበት ሌሊት ሳታስቢው አልቀረሽም ይሆናል። በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ ምዕራፍ 12 የዳዊት ሕፃን ስለ አባቱ ኃጢአት እንደ ሞተ በግልጽ ተጽፏል፤ ይህን ታሪክ ማለሳለስ አልፈልግም፤ ከባድ ነው፤ ከባድ እንደ ሆነም ይኑር። ሆኖም ሁለት ነገር እይ። በዚያ ቤት የሞቱን ምክንያት የተናገረው እግዚአብሔር ልኮት የመጣው ነቢዩ ናታን ነው፤ እርሱም ከዚያው ጋር እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፣ አትሞትም የሚል የምሕረት ቃል ይዞ ነው የመጣው። በአንቺ ድንኳን ናታን አልነበረም። ሳይላክ የነቢይን ቃል በአፉ የሚያደርግ ሰው ደግሞ የሚናገረው ግምቱን ነው፤ ግምት ደግሞ በተሰበረ ልብ ላይ ሲወድቅ እንደ ፍርድ ይከብዳል። ሁለተኛው፣ ዳዊት ልጁ በሞተ ጊዜ ያደረገው ነው። አገልጋዮቹ ሊነግሩት እስኪፈሩ ድረስ ሰባት ቀን ጾሞ በምድር ላይ የተኛው ሰው፣ መሞቱን ሲሰማ ተነሥቶ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔርም ቤት ገብቶ ሰገደ። ቅጣቱ በግልጽ ስለ እርሱ የተነገረበት ሰው እንኳ ከቅጥሩ ውጭ አልቀረም። «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም» ያለውም በዚያው ዕለት ነው፤ ይህን ቃል ስለ ልጅሽ ልትዪው ትችያለሽ፤ በጥምቀት የእግዚአብሔር ልጅ የሆነች፣ ሥጋውንና ደሙን የተቀበለች ሕፃን ናትና።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ በደብዳቤሽ ጠርዝ ላይ በትናንሽ ፊደል የጻፍሽውን ጥያቄ አይቼዋለሁ፤ የአባቶችን ኃጢአት እስከ ሦስተኛና እስከ አራተኛ ትውልድ ያመጣል የሚለውን። ይህ ቃል በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 34 የሚገኘው እስራኤል የወርቁን ጥጃ ከሠሩ በኋላ፣ እግዚአብሔር ለሙሴ ስሙን ባወጀበት ስፍራ ነው። አዋጁ የሚጀምረው በቁጣ አይደለም፤ መሓሪ፣ ሞገስ ያለው፣ ለቁጣ የዘገየ፣ ባለ ብዙ ቸርነት፣ ለሺህ ትውልድም ምሕረትን የሚጠብቅ በማለት ነው፤ በደለኛውን ሳይቀጣ እንደማይተው የሚናገረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ሺህና አራት የሚመዛዘኑ ቁጥሮች አይደሉም። ሕዝቡ ይህን ቃል ይዞ አባቶቻችን ጎምዛዛ የወይን ፍሬ በሉ፣ የእኛ ጥርስ ጠረሰ ማለት በጀመረ ጊዜም ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ኃጢአት የሠራች ነፍስ እርስዋ ትሞታለች፣ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ብሎ ዘጋው። የወላጅ ጥፋት የሚያስከትለው ጉዳት በልጆች ሕይወት ላይ እንደሚደርስ በየቤታችን የምናየው ነው፤ እግዚአብሔር ግን የወላጅን ዕዳ ከሕፃን ነፍስ የሚሰበስብ አበዳሪ አይደለም።

ደግሞም ልጠይቅሽ፤ በቁርባን ስትጋቡ ንስሐ ገብታችሁ አልነበረምን? ያን አራት ዓመት ለነፍስ አባታችሁ አልነገራችሁምን? ቀኖናችሁን ፈጽማችሁ፣ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ተብላችሁ ሥጋውንና ደሙን በአንድነት አልተቀበላችሁምን? ይህ ከተደረገ፣ ያ ኃጢአት የለም። እግዚአብሔር በካህኑ አንደበት የፈታውን ነገር ከዓመታት በኋላ ፈልጎ አውጥቶ በልጅሽ ላይ አመጣው ማለት ፍትሐቱ ሐሰት ነበረ ማለት ነው። አክስት ይህን እያሰቡ የተናገሩ አይመስለኝም፤ አንቺ ግን ንግግሩን ባመንሽ ቁጥር ሳታውቂው ይህን ታምኛለሽ።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ፍቅሩን አመስግኚለት፤ ትምህርቱ ግን ጎደሎ ነው፤ አለማረፍሽም ልክ ነው። እግዚአብሔርን ከቁጣው ለይቶ ቸርነቱን ብቻ ለመያዝ የሞከረ ሰው በጥንት ዘመንም ነበረ። መርቅያን የሚባለው በሁለተኛው መቶ ዓመት በሮም ተነሥቶ፣ የብሉይ ኪዳን አምላክ ፈራጅ፣ የክርስቶስ አባት ግን ሌላና ቸር ብቻ ነው ብሎ አስተማረ፤ ብሉይ ኪዳንን ጣለ፣ ከአዲስ ኪዳንም የራሱን ቆራርጦ ያስተካከለውን የሉቃስ ወንጌልና ዐሥር የጳውሎስ መልእክታትን ብቻ አስቀረ። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ144 ዓ.ም. ከሮም ማኅበር ተለየ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ቀላል መፍትሔ አልተቀበለችም፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍትን ስትቀበል ዘፀአትን ከወንጌል፣ ናሆምን ከዮሐንስ ጋር በአንድነት ይዛ ነው።

ለምን አልተቀበለችውም? ሌላውን ምክንያት ሁሉ ትቼ አንቺ ያልሽውን እደግመዋለሁ፤ የማይቆጣ አምላክ ለእናትሽ ምኗ ነው? መበለት ቤቷን በሐሰት ምስክር ስትነጠቅ አይቶ ምንም የማይሰማው ቸርነት፣ ቸርነት ሊባል አይችልም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታችን በምኵራብ እጁ የሰለለችን ሰው አቁሞ፣ በሰንበት ነፍስ ማዳን ተፈቅዷልን ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ዝም አሉ። ስለ ልባቸው ድንዛዜ አዝኖ፣ ዙሪያውን በቁጣ ተመለከታቸው ይላል ወንጌላዊው። ቁጣና ኀዘን በአንድ እይታ ውስጥ ናቸው፤ ቀጥሎም «እጅህን ዘርጋ» አለ፤ እጁም ዳነች። የተቆጣው ለዚያ ሰው እጅ ስለ ራራ ነው፤ ያዘነው ደግሞ ለተቆጣቸው ለእነርሱ ነው። እንዲሁም በሉቃስ 19 በኢየሩሳሌም ላይ የሚመጣውን ጥፋት፣ ቅጥር ሲሠራባት፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይቀር ስትፈርስ፣ አንድ በአንድ ይናገራል፤ ከተናገራቸው የፍርድ ቃላት እንደዚህ የከበደ ጥቂት ነው፤ የተናገረው ግን ከተማይቱን አይቶ እያለቀሰላት ነው። እኅቴ፣ የእግዚአብሔርን ጭከና ስታስቢ ያን ፊት አስቢ። እንባ የሌለበት ጭከና የሚሰብክልሽ ቢመጣ የሌላ አምላክ ነገር እየነገረሽ ነው።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ነገር ላይ ደረስሁ፤ እርሱም በአጎትሽ ላይ ያየሽው ቸርነት ነው። አሳፍ በመዝሙር 72 ይህንኑ አይቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት እንደ ቀረው ይናገራል፤ ክፉዎች ሲደላቸው፣ ሰውነታቸው ሲወፍር፣ መከራ ሲርቃቸው ቀንቶ ነበር፤ ወደ እግዚአብሔር መቅደስ ገብቶ ፍጻሜያቸውን እስኪያስተውል ድረስ። ነገር ግን እኔ ከአሳፍ ይልቅ ዮናስን እሰጥሻለሁ፤ ከዐቢይ ጾም አስቀድመን ሦስት ቀን የምንጾመው ጾመ ነነዌ የእርሱ ታሪክ ነውና። ነነዌ የወገኖቹ ጠላቶች ከተማ ነበረች። ዮናስ ወደ ተርሴስ የኮበለለው እግዚአብሔር ጨካኝ ስለ ሆነበት አይደለም፤ ራሱ በምዕራፍ 4 እንደሚናገረው፣ ቸርና ይቅር ባይ፣ ታጋሽና ምሕረትህ የበዛ እንደ ሆንህ አውቄ ነበር፣ ስለዚህ ሸሸሁ ይላል። ለሙሴ የታወጀውን ያን የምሕረት ስም ሲያጉረመርም ደገመው። ከተማይቱ ንስሐ ገብታ ስትድን ከምሥራቅ በኩል ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ግን ጥላ ሆናው ስለ ደረቀችው ቅል እያነሣ ጠየቀው፤ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሶች ላሉባት ለነነዌ አላዝንምን? መጽሐፉ በዚህ ጥያቄ ያበቃል፤ ዮናስ ምን እንደ መለሰ አልተጻፈም።

በአጎትሽ ላይ ያየሽው ይህ ነው። ሐዋርያው በሮሜ 2 የእግዚአብሔር ቸርነት ወደ ንስሐ እንደሚመራ፣ ይህን ንቆ በጥንካሬው የሚጸና ሰው ግን ለራሱ ቁጣን እንደሚያከማች ይናገራል። ለአጎትሽ የተሰጠው ጊዜ ለወሰደው ቤት የተሰጠ ይሁንታ አይደለም፤ በለሷ የተጨመረላት ዓመት ነው፤ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሊያባክነውም ይችላል። ነነዌም ራሷ ወደ ክፋቷ ተመልሳ፣ ስለ ጥፋቷ ነቢዩ ናሆም ከተናገረ በኋላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ዓመት ወድቃለች። ይህን የምነግርሽ የአጎትሽን ውድቀት እንድትጠባበቂ አይደለም፤ እንዲያውም ንስሐ ይገባ ዘንድ ለመጸለይ ብትሞክሪ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ካልቻልሽም አትችዪም፤ አላስገድድሽም፤ እግዚአብሔር ዮናስን ከነቁጣው አነጋግሮታል።

የዚያችው የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው፣ ገዳማውያኑ መጽሐፉን የሚያጠኑት ማር ይስሐቅ በሰባተኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ፣ በገሃነም የሚሠቃዩት በፍቅር ጅራፍ የሚገረፉ ናቸው ብሏል፤ በፍቅር ላይ የተሠራ በደል በልብ ውስጥ የሚያመጣው ሥቃይ ከማንኛውም ቅጣት የመረረ ነውና። በእርሱ አስተሳሰብ እግዚአብሔር ለጻድቃን ፍቅር፣ ለኃጥኣን ጥላቻ የሚያወጣበት ሁለት መዝገብ የለውም። ያው አንዱ ፍቅር ለሚቀበለው ደስታ፣ ለገፋው ግን ሥቃይ ይሆንበታል። ሁሉም የቤተ ክርስቲያን መምህራን ነገሩን በዚህ አነጋገር አይገልጡትም፤ እኔ ግን ስለ ፍርድ ባሰብሁ ቁጥር ይህ ትምህርት ብዙ ይረዳኛል፤ አንቺም ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ስለ ቅጥሩ ውጭ መቆምሽ የምለው አጭር ነው፤ ግቢ። ራስሽን የቀጣሽው አንቺ ነሽ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አላገደችሽም። መጀመሪያ ወደ ነፍስ አባትሽ ሂጂና ሁሉን ንገሪያቸው፤ ኀዘንሽን፣ በእግዚአብሔር ላይ ያለሽን ቁጣ፣ በአክስት ላይ የያዝሽውን ቂም ጭምር። ለእግዚአብሔር የተነገረ ቁጣ ከእግዚአብሔር የተሸሸገ ትሕትና ይሻላል፤ ኢዮብም ዳዊትም እንዲሁ አድርገዋል። ቀኖና ከሰጡሽ ተቀበዪ፤ ጾም፣ ስግደት ወይም መዝሙረ ዳዊት ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ካጣሽና ምግብ ከቀነሰሽ ብዙ ጊዜ እንደ ሆነሽ ጽፈሻልና፣ አቅምሽን ሳትሸሽጊ ንገሪያቸው፤ ቀኖና እንደ ሰው ጉልበት ይመጠናል። ሐኪምም እይ፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል እንደሚል ታውቂያለሽ፤ ጸበል መጠመቅና ሐኪም ማየት አንዱ ሌላውን አይከለክለውም።

ከተቻለሽ ደግሞ በመጪው ሰሙነ ሕማማት፣ በዕለተ ዓርብ፣ ከሕዝቡ ጋር ሆነሽ ስገጂ። ቀኑን ሙሉ ኪርያላይሶን እያለ ሲሰግድ የዋለው ሰው በመጨረሻ ወደ ካህናቱ ሲቀርብ በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ እንደሚያደርጉት ታውቂያለሽ፤ ጥብጣብ የምንለው ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለምናየው ምን ያህል ነገር እንደ ያዘ ሳናስተውል እናልፈዋለን። የጌታችንን ግርፋት ያስታውሳል። በጀርባሽ ላይ የሚያርፈው ቅጠል ነው፤ ጅራፉ ያረፈው በእርሱ ጀርባ ላይ ነው። በቅዳሴ ማርያም፣ ኃያል ወልድን ፍቅር ከዙፋኑ ሳበው፣ እስከ ሞትም አደረሰው ሲባል የምንሰማው ይህንኑ ነው። ኃጢአትን ቸል የማይለው የእግዚአብሔር ጭከና በሙሉ ክብደቱ የወረደበት ስፍራ መስቀል ነው፤ የተሸከመውም ፈራጁ ራሱ ነው። ታዲያ ከመስቀል በኋላ በአንዲት እናት ላይ ልጇን በመውሰድ የቀረ ሒሳብ የሚያወራርድ አምላክ ከየት ይመጣል?

ከአክስት ጋር ያለሽን ነገር አታስቸኩዪው። ባለቤትሽ ለብቻቸው አግኝቶ፣ በአክብሮት፣ ንግግራቸው እንዴት እንደ ጎዳችሁ ቢነግራቸው መልካም ነው፤ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ሁልጊዜ አክብሮት አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ የንስሐ ዕድል መንሳት ይሆናል። ይቅርታ ባይጠይቁሽም ከነፍስ አባትሽ ጋር ቂሙን ለመተው ጀምሪ።

ስለ እናትሽ ቤት ለጠየቅሽው፣ አጎትሽን ይቅር ማለትና ቤቱን መተው አንድ ነገር አይደሉም። ጌታችን በሉቃስ 18 ከባላጋራዬ ፍረድልኝ እያለች ዳኛውን የነዘነዘችውን መበለት የጸሎት አርአያ አድርጎ አቅርቧታል፤ እናትሽም ፍትሕ ብትጠይቅ ሃይማኖቷን አትነካም። በመጀመሪያ አጎትሽ የሚያከብራቸውን ሽማግሎች ላኩበት፤ የነፍስ አባቱንም ጨምሩ። እምቢ ካለ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 6 መሠረት፣ ፍርድ በሐሰት ምስክርነት ላይ ተመሥርቶ መሰጠቱ ከፍርዱ በኋላ ሲታወቅ፣ ያው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ዳግመኛ እንዲያየው ማመልከት ይቻላል። ምስክሩ ሐሰት መናገሩን ያመነልሽ ሰው እንዳለ ጽፈሻል፤ ማመልከቻው የሚቀርብበት ጊዜ ይህ ከታወቀ በኋላ አጭር ስለ ሆነ፣ የፍርዱን ግልባጭ ይዛችሁ ሳትዘገዩ ጠበቃ አማክሩ።